ያልከፈለው ኦዲተር

ብር ያላዋጣ ሰው ስለ ብሩ ሲጠይቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰኞ ጠዋት ሰማሁ። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ ቢሮው መሐል ቆሞ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፦ «እሺ፣ ብሩ የት ደረሰ?»

ነገሩ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ነው። ግንቦት 23፣ 2017፣ ሙኒክ፣ ፒኤስጂ ከኢንተር ሚላን። በሰው 200 ብር እናስይዝ፣ ውጤቱን በትክክል የገመተ ሁሉንም ይውሰድ ተባለ። 22 ሰው ተመዘገበ፣ 17 ሰው ከፈለ። የቀሩት አምስቱ «ጻፈኝ» ባዮች ናቸው። «ጻፈኝ፣ ከሰዓት በቴሌብር እልክልሃለሁ።» ከሰዓት ኔትወርክ የለም። በማግስቱ ሲስተም የለም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እኔ እኮ የከፈልኩ መስሎኝ!» ይላል፣ ያውም ተቆጥቶ። የሰኞው ጠያቂ ከነዚህ አንዱ ነው።

ገንዘብ ያዥነት የተረገመ ሹመት ነው። እድር ላይ እንኳ ዳኛም ጸሐፊም አይጠፋም፤ ገንዘብ ያዥ ሲባል ግን ሁሉም አጎንብሶ ጫማውን ማየት ይጀምራል። እኔን የመረጡኝ ሻይ ልጠጣ በወጣሁበት ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምትለውን ተረት በጣም ነው የምወዳት። ስለበላው አንድ ቃል አትናገርም። አያቶቻችን ያዘኑት ላልበላው ነው! የሚያናድዱኝ የሚተርቷት ሰዎች ናቸው። 200 ብሩን እየሰጠህ ይተርታታል፣ ይስቃል፣ ሳቁን ሳይጨርስ ዓይን ዓይንህን ያይሃል። 3400 ብር ይዤ የት እንደምጠፋ እንጃ። ሐዋሳ ወርጄ ዓሣ ልብላበት ብል እንኳ መመለሻ ላጣ እችላለሁ።

አስያዦቹን ብታዩ ደግሞ ጉድ ነው። ማንም የሚወደውን ቡድን አልደገፈም። አርሰናሎቹ በግማሽ ፍጻሜ ያሰናበታቸው ፒኤስጂ ስለሆነ በአንድ ድምፅ ኢንተር ሆኑ። ባርሳዎቹን ደግሞ 3 ለ 3 ወጥቶ በመልሱ 4 ለ 3 ያስለቀሳቸው ኢንተር ነው፤ እነሱም ፒኤስጂ ሆነው አደሩ። እኛ ቢሮ ውስጥ ከዚያ ሳምንት በፊት የፓሪስ ወይም የሚላን ደጋፊ ነኝ ያለ ሰው አላውቅም። ሁሉም ቂሙን ነው ያስያዘው።

ቂም ከተነሳ የእኔም አለ። ታህሳስ 9፣ 2015፣ የኳታሩ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። ያኔ ሰብሳቢው ሌላ ልጅ ነበር። አርጀንቲና 2 ለ 0 እየመራች 80ኛው ደቂቃ ደረሰ፣ ከዚያ ምባፔ ትንፋሽ ሳይሰጠን ሁለት አገባና 90ው ደቂቃ 2 ለ 2 አለቀ። በጭማሪው ሜሲ ሦስተኛውን አስቆጠረ። እኔ የጻፍኩት 3 ለ 2 ነው! ለአሥር ደቂቃ ያህል ሀብታም ነበርኩ፤ የምገዛውን ጫማ ሁሉ መርጫለሁ። ከዚያ የሞንቲየል ክንድ ኳስ ነካ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፣ 118ኛው ደቂቃ ላይ 3 ለ 3። አርጀንቲና በመለያ ምት 4 ለ 2 አሸነፈች። የመጨረሻዋን መለያ ምት ያገባው ያው ሞንቲየል ነው። አገሩን ካሰ፣ እኔን ግን አልካሰኝም።

በማግስቱ ቢሮው ፍርድ ቤት ሆነ። 2 ለ 2 ያለችው ልጅ «ሕጉ 90 ደቂቃ ነው» አለች፤ ቤቲንግ ቤት የሚውሉት ሁሉ መሰከሩላት። 3 ለ 3 ያለው ደግሞ 120ውን ይዞ ተከራከረ። በመጨረሻ የኃላፊያችን ወረቀት ወጣ፦ «አርጀንቲና 4 ለ 2»። መለያ ምት እኮ እንደ ግብ አይቆጠርም! የጨዋታው ውጤት 3 ለ 3 ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ ሕፃን ያውቀዋል። ሰብሳቢው ግን ፖስታውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ይገባዎታል ጋሼ» አለ። እሳቸውም «ኧረ ለመዝናናት ነው እኮ» እያሉ የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ይቺን «ለመዝናናት ነው እኮ» ብሰማ ያመኛል። ከጨዋታው በፊት «ደንብ እንጻፍ» ብትል «ለመዝናናት ነው እኮ፣ አትተማመንም እንዴ?» ትባላለህ። ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም ጠበቃ ነው። 2 ለ 2 ያለችው ልጅ በልኩ ገምታ ዝም አለች፤ የእድገት ደብዳቤዋ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነበር። እኔ ይህን ውርርድ አልለውም። ግብር ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ በወረቀት ጻፍኩ፦ የሚቆጠረው 90 ደቂቃ ብቻ። ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ፒኤስጂ ምን አደረገ? 5 ለ 0! ሐኪሚ በ12ኛው ደቂቃ ጀመረ፣ ዱዌ ሁለት ጨመረ፣ ክቫራትስኬሊያ አራተኛውን አገባ፣ 86ኛው ላይ ማዩሉ የሚባል የ19 ዓመት ልጅ ዘጋው። በዚህ ዋንጫ ፍጻሜ ታሪክ እንዲህ ያለ ሰፊ ልዩነት ታይቶ አያውቅም። ታዲያ ማን ይገምታል? ማንም። ማንም ካልገመተ ብሩ የማን ነው? ግድግዳው ዝም።

ኃላፊያችን 2 ለ 0 ብለው ነበርና «የቀረበ ይውሰድ» አሉ። ከሁሉም የቀረበችው 3 ለ 0 ያለችው ቡና የምታፈላልን ልጅ መሆኗ ሲነገራቸው «እንግዲያው ለጋራ ይሁን» አሉ። ልጅቷ ክርክር ውስጥ አልገባችም። ስኒ እያነሳች «ወንድሜ፣ የእኔን 200 ብር ብቻ መልስልኝ» አለችኝ። መለስኩላት። ማታውን ግሩፑ ላይ «በማን ፈቃድ?» የሚል መልእክት መጣ። ማን እንደጻፈው ገብቷችኋል።

አሁን ክትፎ ይበላበት ተብሏል፣ ያልከፈሉትም ይመጣሉ። 3200 ብር ለ21 ሰው በነፍስ ወከፍ 150 ብር ገደማ ነው፤ ሽታውንም አያስገዛም። ሙስሊም ባልደረቦቻችን ደግሞ በተመረጠው ቤት አይበሉም፣ ስለዚህ ቦታው ገና አልተቆረጠም። ቀኑ ሐሙስ ነው። ዓርብ አረፋ፣ ቅዳሜና እሁድ ቢሮ የለም፣ ሰኞ የሰኔ ጾም ይገባል። ሐሙስ ካለፈን ብሩ እስከ ሐምሌ 5 እኔው ጋ ይከርማል ማለት ነው።