ወደ መቅደላ የሚሄደው መንገድ ከአምባው እግር ሥር ይቁም

ስለ መቅደላ በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚሰማው ቅሬታ የመንገድ ነው። የአፄ ቴዎድሮስን አምባ በዐይኑ ለማየት የሚሻ ሰው እስከ ኮምቦልቻ ወይም እስከ ላሊበላ በአውሮፕላን ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚጠብቀው የወሎ ደጋ ዋልካና የበሽሎ ገደል ነው። ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን የያዘው «ገበታ ለሀገር» የተባለው የቱሪዝም ፕሮጀክት በ2012 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ ደግሞ የየአካባቢው ሰው የራሱን ስፍራ እየጠቀሰ «የእኛስ ተራ መቼ ነው?» ቢል የሚያስደንቅ አይደለም። መቅደላም ተራዋን ብትጠብቅ የሚፈረድባት አይመስለኝም።

እኔም መንገዱ እንዲሠራ ከሚፈልጉት አንዱ ነኝ። ክርክሬ መንገዱ የት ላይ ማለቅ እንዳለበትና ከእሱ በፊት ምን መቅደም እንዳለበት ነው። በእኔ እምነት ለመኪና የሚሠራው መንገድ ከአምባው እግር ሥር፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ሊቆም ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አቀበት ለእግረኛና ለበቅሎ መተው አለበት። ከዚህም በፊት፣ ማለትም አንድም ዶዘር ወደ አካባቢው ሳይገባ፣ ቴዎድሮስ ራሱ ያስጠረገው መንገድ የሚያልፍበት መስመር ተጠንቶ እንደ ቅርስ መመዝገብ ይኖርበታል።

ይህን የምለው የመቅደላ ታሪክ ግማሹ የመንገድ ታሪክ በመሆኑ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መባቻ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ ሲነሣ፣ በጋፋት የነበሩ አውሮፓውያን ባለሙያዎች ያቀለጡለትን መድፎች፣ ከእነዚህም ሁሉ የሚበልጠውን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ይዞ ነበር። ያንን ብረት ሊሸከም የሚችል መንገድ በዚያ ሁሉ አገር ላይ አልነበረም። ስለዚህ ሠራዊቱ መንገዱን እየጠረገ፣ ዐለቱን እየፈለጠ፣ መድፉን በቁልቁለቱ ወደ ኋላ እየያዘ፣ በዳገቱ ወደ ፊት እየሳበ ሄደ። ከዋድላ ደጋ የጅጣን ገደል ወርዶ ወደ ደላንታ ወጣ፤ ደላንታን አቋርጦ የበሽሎን ገደል ወረደ፤ በመጋቢት ወር አምባው ድረስ ደረሰ። በእስር ላይ የነበሩትና በኋላም ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡት አውሮፓውያን የጻፉት ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማል፤ ንጉሡ በመንገድ ሥራው ላይ ቆሞ ያዝዝ ብቻ ሳይሆን ድንጋይም በእጁ ያነሣ ነበር። ጠላቶቹ የነበሩት መኮንኖች እንኳ በዚያ መንገድ ላይ ሲያልፉ አሠራሩን አድንቀዋል። በመሣሪያም ሆነ በትምህርት ያልታገዘ ሠራዊት፣ ከፊቱ ዓመፀኛ ከኋላው ረኀብ እያለ፣ በስድስት ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ያንን መንገድ መክፈቱ በሀገራችን የምህንድስና ታሪክ ውስጥ ተገቢው ስፍራ እስካሁን አልተሰጠውም ብዬ አምናለሁ።

በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ንጉሡ ያሰራቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ነበር። በቀይ ባሕር ዳርቻ ባለችው ዙላ ላይ ከመርከብ ወርዶ ወደ ኩማይሌ የሚደርስ አጭር የባቡር ሐዲድ አነጠፈ፤ ከህንድ 44 ዝሆኖች አስመጣ፤ ዐሥራ ሦስት ሺህ ገደማ ወታደርና ከዚያ እጅግ የሚበልጥ አጃቢና የጭነት ከብት ይዞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። ሁለቱ ጉዞዎች በአንድ ወር ውስጥ በአንድ ተራራ ሥር ተገናኙ። በስቅለት ዕለት ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ ላይ ውጊያው ሆነ፤ በፋሲካ ማግስት ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ የአምባው መግቢያ በሆነው በኮከት በር አካባቢ ራሱን ገደለ፤ ሚያዝያ 10 ቀን አምባው ተቃጠለ። ከዚያም የተዘረፈው ንዋየ ቅድሳት፣ የብራና መጽሐፍና የቤተ መንግሥት ዕቃ በ15 ዝሆኖችና በሁለት መቶ ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ተወሰደና በዚያው ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። ዛሬ በለንደን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ያሉት የመቅደላ ቅርሶች የወጡት በዚህ መንገድ ነው። በ2011 ዓ.ም. የእንግሊዝ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የመለሰው የንጉሡ የፀጉር ቁራጭም ከዚያው ዘረፋ ጋር የተያያዘ ነው።

እንግዲህ ጎብኚው መቅደላ ላይ የሚያየው ምንድን ነው? አብዛኛው ሕንፃ ተቃጥሏል። ቆሞ የሚታይ ግንብ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ወደ ጎንደር ቢሄድ ይሻለዋል። በመቅደላ የሚታየው የመሬቱ አቀማመጥ፣ የፈረሰው በር፣ የቀረው ካብና ያ መድፍ ነው። የስፍራው ትርጉም የሚገባው ከአሮጌ ተነሥቶ በፋላና በሥላሴ ኮረብቶች ጥግ አልፎ እስላምጌ ሜዳ ላይ ሲደርስና ቀና ብሎ ኮከት በርን ሲያይ ነው። ወታደሩ የት እንደ ቆመ፣ ጥይቱ ከየት እንደ መጣ፣ ሰባት ቶን ብረት ወደዚያ መውጣቱ ምን ማለት እንደ ሆነ እግር ሳይደክም አይታወቅም። አንድ ሚኒባስ ሰውን ከደሴ አንሥቶ አናቱ ላይ ቢያወርደው፣ ያ ሰው ያየው ሰፊ ሜዳና አንድ ዝገት የበላው ብረት ብቻ ይሆንበታል፤ ከሰዓት በኋላም ተመልሶ ደሴ ያድራል።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ራሱ የመንገዱ አሠራር ነው። መንገድ ቀያሽ ሁልጊዜ የሚፈልገው የሚመቸውን መተላለፊያ ነው፤ ቴዎድሮስም በ1860 የፈለገው ያንኑ ነበር። ገደል በሚበዛበት አገር የሚመቸው መተላለፊያ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አዲሱ መንገድ በቀድሞው መንገድ ላይ የመውደቁ ዕድል ከፍተኛ ነው፤ ለቅርሱ ተብሎ የገባ ማሽንም መጀመሪያ የሚያጠፋው ቅርስ የንጉሡ መንገድ ይሆናል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እና የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ወጥተው እያለ ይህ ቢደርስ የሕግ ማነስ ነው ማለት አይቻልም። የቅርስ ባለሥልጣንና የመንገዶች አስተዳደር ባለሙያዎች ውሉ ከመፈረሙ በፊት አንድ ላይ ሆነው መስመሩን ከደላንታ አፋፍ እስከ አምባው በእግራቸው ሊሄዱት ይገባል። በካርታ ላይ ብቻ የሚሠራ ቅየሳ ካብን ከድንጋይ ክምር አይለይም።

በሩቅ አገር የደረሰ አንድ ነገር እዚህ ላይ ያስተምረናል። በሰሜናዊ ፔሩ፣ ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ኩዌላፕ የተባለ የቻቻፖያ ሕዝብ ጥንታዊ ምሽግ አለ። ግዙፍ የድንጋይ ግንቡ በአንዳንድ ቦታ እስከ ሃያ ሜትር ይደርሳል። ለረጅም ጊዜ ወደዚያ ለመድረስ አስቸጋሪውን የተራራ መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንዳት የግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 አራት ኪሎ ሜትር የሚሆን የገመድ ተሽከርካሪ ተሠራና ጉዞው ወደ ሃያ ደቂቃ አጠረ፤ የጎብኚውም ቁጥር አደገ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ግን በከባድ ዝናብ ወቅት የግንቡ አንድ ክፍል ተደረመሰ። ምሽጉ ከአንድ ዓመት በላይ ተዘግቶ ቆየ፤ በከፊል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ገመዱ ግንቡን አፈረሰው አልልም፤ ያፈረሰው በውስጡ የተጠራቀመው ውኃ ነው። ሆኖም ሰውን ወደ ግንቡ የሚያመጣው ሥራ ግንቡን ከውኃ ከሚያድነው ሥራ ቀድሞ ማለቁ ሊታበል አይችልም። ወደ ምሽጉ መድረሻው ተዘጋጅቶ፣ የሚደረስበት ስፍራ ተዘጋ። የአካባቢው ሆቴልና አስጎብኚም በተስፋ ያወጣውን ገንዘብ ይዞ ቀረ።

ለዚህ ነው በመቅደላ ከመንገዱ በፊት የሚታጠር፣ የሚጠገንና የሚጠበቅ ነገር አለ የምለው። ካቦቹ በልኬትና በፎቶግራፍ ይመዝገቡ፤ የክረምቱ ጎርፍ ከአምባው በየት እንደሚወርድ ይታወቅ፤ ድንጋይ ለቤት መሥሪያ እንዳይነሣ ከነዋሪው ጋር ስምምነት ይደረስ፤ ደመወዝ ያለው ጠባቂ ይቀጠር። ይህ ሁሉ ከአንድ ኪሎ ሜትር አስፋልት ያነሰ ወጪ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ግን ሪባን የሚቆረጥበት ሥራ ስላልሆነ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል።

በዚህ አቋሜ ላይ የሚነሣው ብርቱ መቃወሚያ የነዋሪው ነው፤ እኔም በቀላሉ አላልፈውም። በአምባው ላይና በዙሪያው ሰው ይኖራል። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ገደል እየወረደች፣ አንድ ከተሜ ጸሐፊ «አቀበቱ ለታሪክ ሲባል እንዳለ ይቆይ» ቢል ነውር ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ነዋሪውን የሚጎዳ ክልከላ አይደለም። ለአምቡላንስ፣ ለእህልና ለማዳበሪያ የሚሆን፣ ቅርሱ ካለበት ጎን ርቆ የሚሄድ፣ ጠባብ የአገልግሎት መንገድ የሚያስፈልግ ከሆነ ይሠራ፤ ለጎብኚ መኪና ግን ዝግ ይሁን። የነዋሪው ፍላጎትና የጎብኚው ምቾት በአንድ ሰነድ ውስጥ ተጠቅልለው ሲቀርቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ለጎብኚው የሚመቸው ነው፤ ምክንያት ሆኖ የሚጠቀሰው ደግሞ ነዋሪው ነው። ሁለቱ ተለይተው ይታቀዱ።

ጉዞው እንዴት ይደራጅ ለሚለው፣ መቅደላ ሁለት በር አላት። አንደኛው ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በደሴና በኩታበር በኩል ወደ ተንታ የሚዘልቀው ነው፤ ለትምህርት ቤት ጉዞና ጊዜ ለሌለው ሰው ይህ ይሻላል። ሁለተኛው ከላሊበላ በጋሸና በኩል ወደ ወገል ጤና ወርዶ ደላንታን የሚያቋርጠው ነው። ይህኛው ረጅምና አድካሚ ቢሆንም ቴዎድሮስም ናፒየርም ያለፉበትን ምድር የሚከተል ነው፤ የበሽሎን ገደል ከደላንታ አፋፍ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ጦርነቱን ያለ አስጎብኚ ይረዳዋል። ላሊበላን ለሚያይ እንግዳ ሦስትና አራት ቀን የሚጨምር የእግርና የበቅሎ ጉዞ በዚህ መስመር ማሰናዳት ይቻላል። አዲስ ነገርም አይደለም። በዚያው በላስታና በመቄት ደጋ ላይ የገበሬ ማኅበረሰቦች ጎጆ ሠርተው፣ ምግብ አብስለው፣ ጓዝ በአህያ ጭነው እግረኛ እንግዳ የሚያስተናግዱበት አሠራር ከሰሜኑ ጦርነት በፊት ለዓመታት ሠርቷል። ገቢው በየመንደሩ ይቀር ነበር። ያንን ልምድ ወደ ደላንታና ወደ ተንታ ማምጣት ከትልቅ ሎጅ ይልቅ ቶሎ ፍሬ ይሰጣል።

ከአሮጌ ወደ ላይ ደግሞ የበቅሎ ባለቤቶች ይደራጁ። ዋጋው በግልጽ ይለጠፍ፤ ተራ ይጠበቅ፤ አንድ በቅሎ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትወጣም ይወሰን፤ እንስሳትም ይደክማሉና። አቀበቱ ለሽማግሌና ለአካል ጉዳተኛ የሚከብድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለእነሱ ኮርቻውና ረዳቱ በነፃ ወይም በቅናሽ ሊዘጋጅ ይገባል። አሮጌ ላይ መኪና ማቆሚያ፣ መጸዳጃ፣ ንጹሕ ውኃና ጥላ ያለው ማረፊያ ይኑር። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ መሬቱ ጭቃ፣ ወንዙም ሙሉ ስለሚሆን ስፍራው በዚያ ወቅት ለጎብኚ ዝግ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ካቡም መንገዱም በዚያ ጊዜ ይጠገናል።

አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ስለ ጎብኚ ማውራት ለብዙ ሰው ቅንጦት ሊመስል እንደሚችል አልዘነጋም። በሁለት ጦርነት የተጎዳ ሕዝብ መሀል የጉዞ ዕቅድ ማንሣት ይከብዳል። ነገር ግን ጥናቱ፣ ምዝገባውና ቅየሳው ጊዜ የሚፈልጉ ሥራዎች ናቸው፤ ሰላም ሲመጣ የልማት ገንዘብ በጥድፊያ ይለቀቃል፤ በጥድፊያ የተለቀቀ ገንዘብ ደግሞ ጥናት አይጠብቅም። ወረቀቱ ዛሬ ካልተዘጋጀ ነገ ዶዘሩ ይቀድመዋል።

በመጨረሻ ስለ ሴባስቶፖል አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ላይ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምስያው ነው፤ እውነተኛው እስካሁን መቅደላ ላይ ነው፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ከዚያ ማውረዱ ከባድ መሆኑ ይመስለኛል። ክሬን የጫነ መኪና ወደ አናቱ መውጣት በቻለ ማግስት «ለደኅንነቱ ሲባል ወደ ከተማ ሙዚየም ይወሰድ» የሚል ደብዳቤ መጻፉ አይቀርም፤ የሚጽፈውም በቅን ልቦና ይሆናል። መድፉ ባለበት ስፍራ እንዲቀር፣ ጥላ እንዲሠራለትና ከዚያ እንዳይነሣ የሚደነግግ ውሳኔ የመንገዱ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት በክልሉ ምክር ቤት ሊጸድቅ ይገባል።