ካዛንቺስን ማን ያጥናው?

ለእረፍት አዲስ አበባ ስመጣ ዘመድ ወዳጅ ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ነገር አለ። «ልጄ ማስተርሷን ውጭ እንድትማር ምን ላድርግ?» ልጅቷ የምትማረው ሶሲዮሎጂ (የማኅበረሰብ ጥናት) ከሆነ «እስቲ መጀመሪያ እዚሁ ይታሰብበት» እላለሁ። ብዙዎቹ ቅር ይላቸዋል። ግን ከልቤ ነው።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ጀርመን ለተማሪ ጥሩ አገር ናት። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ የፈለጉትን መጽሐፍ ማግኘትም ቀላል ነው። ስኮላርሺፕ የሌለው የእኛ ልጅ ግን ለቪዛው ብቻ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ፣ ማለትም በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ፣ ማሳየት ይጠበቅበታል። ይህን የሚችል ቤተሰብ ስንት ነው?

ገንዘቡ ቢገኝስ? ቶኒስ የሚባል ጀርመናዊ የሶሲዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1887 በዝምድናና በጉርብትና የተሳሰረን ኑሮ፣ በውልና በጥቅም ከተሳሰረው ለይቶ ጽፎ ነበር። ፍራንክፈርት ያለ ተማሪ ይህን ክፍል ውስጥ ያነባል። አዲስ አበባ ላይ ግን ጉዳዩ ዓይናችን ሥር ነው። በ2016 ዓ.ም. ብዙው የፒያሳ ሰፈር ፈረሰ። በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ። ለሁለት ሦስት ትውልድ ግድግዳ ተጋርቶ የኖረ ሰው ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። እድሩስ ምን ሆነ?

የአክስቴ ልጅ የምታጠናው ይህንኑ ነው። ቀን እየሠራች ማታ ማስተርሷን ትማራለች። ጥያቄዎቿን ሳያቸው ገረመኝ። ድሮ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው በየመንደሩ ይዞር ነበር፤ ዛሬ መርዶው በስልክ ይሄዳል። ወርኃዊ መዋጮውም በቴሌብር መክፈል ይቻላል። ድንኳኑን ግን ማን ይተክላል? የእድሩ ወንበርና ድስት የት ይቀመጥ? ሁለት ታክሲ ይዞ የሚመጣ ሰው ሦስቱን ቀን ከለቀስተኛ ጋር መቀመጥ ይችላል? ሳይመጣ የቀረውስ እንደ ድሮው ይቀጣል? ከየትኛውም አገር ፕሮፌሰር ፊት የሚቀርቡ ጥያቄዎች ናቸው።

አንድ እሑድ ከሰፈራቸው የተነሡ አንዲት እናት ልታነጋግር ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። በጥናቱ ለመሳተፍ መፍቀዳቸውን የሚገልጸውን ወረቀት አውጥታ «እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ስትላቸው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። በምትክ ቤትና በካሳ ጉዳይ ስንት ወረቀት ፈርመዋል! እሷም አልተከራከረችም። ወረቀቱን መለሰችና ጥናቱ ለምን እንደሆነ በቃል አስረዳቻቸው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እሳቸው ራሳቸው «በይ ጻፊ ልጄ» አሏት። ጀርመን ቢሆን የግል መረጃ ሕጉ ጥብቅ ስለሆነ፣ የተፈረመ ወረቀት ሳይያዝ ቃለ መጠይቅ የሚጀምር ተማሪ ብዙም አይገኝም። ሕጉ ሰውን ይጠብቃል፤ አከብረዋለሁ። እማማን የጠበቃቸው ግን የልጅቷ ትዕግሥት ነው። ይህን ጥበብ እኔ ባለሁበት ከተማ ማንም አያስተምራትም ነበር።

የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ይጠረዛል፣ ቢበዛ ኢንተርኔት ላይ ይጫናል። የተጠኑት ሰዎች አያዩትም። ዐሥር ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ተዘጋጅቶ ለእድሩ ቢሰጥ ምን ነበረበት? የእድሩ ጸሐፊ «በጠቅላላ ጉባኤ አስነብበዋለሁ» ብለዋታል። እሷም ልትጽፍላቸው ቃል ገብታለች።

ውጭ ያለን ዘመዶች ለቪዛ ሒሳብ በሺዎች ዩሮ እናዋጣለን። ለመስክ ሥራ ግን ማንም አይጠይቀንም፣ እኛም አናስብም። ይህች ልጅ የሚያስፈልጋት የታክሲ፣ የድምፅ መቅጃና ከሥራዋ ያለ ደሞዝ ፈቃድ ወስዳ የምትጽፍበት የሁለት ወር ወጪ ነው። እኔና ወንድሞቼ ለመሸፈን ተስማምተናል። ካዛንቺስ ያደጋችሁ ፍራንክፈርትም ዋሽንግተንም ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ተማሪ በቤተሰባችሁ ካለ ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቁ።