ማስተካከያ፦ ስለ አር-ቱ ዲ-ቱ ቁመትና ስለ ፎሙ አቀባብ

እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ስታር ዋርስ» ፊልም የሚታየውን አር-ቱ ዲ-ቱ የተባለውን ሮቦት ለገጣፎ በሚገኘው ግቢዬ በእውነተኛ ልኩ እንዴት እየሠራሁ እንደሆነ ባለፈው ሳምንት በጻፍኩት ላይ ሁለት ስሕተቶች ስላሉ፣ ልኬቱን ይዘው ሥራ የጀመሩ አንባቢዎችን ይቅርታ እየጠየቅሁ አስተካክላለሁ።

ቁመቱ 96 ሴንቲ ሜትር ነው ያልኩት ትክክል አይደለም፤ 1.09 ሜትር ነው። በፊልሙ ውስጡ ገብቶ ያንቀሳቅሰው የነበረው ኬኒ ቤከር ራሱ 1.12 ሜትር ያህል ስለነበር፣ ቁጥሩን ከማስፈሬ በፊት ማመሳከር ነበረብኝ።

ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው፤ ገንዘብ የሚያስወጣውም እርሱ ነው። ነጩን ፎም በቀጥታ በስፕሬይ ቀለም መቀባት ይቻላል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን በስፕሬዩ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ፎሙን ስለሚበላው፣ እኔ የሠራሁት የሮቦቱ ጭንቅላት ቀለሙ ገና ሳይደርቅ እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቶ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ስለዚህ ፎሙን አስቀድሞ በእንጨት ኮላ ሁለት ሦስት ጊዜ ለብጦ፣ እያንዳንዱ ሽፋን በሚገባ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ ከዚያ በውሃ በሚበጠበጥ ቀለም መቀባት ያስፈልጋል። በክረምቱ እርጥበት ኮላው ቶሎ ስለማይደርቅ፣ ሥራውን በዚህ ወቅት የጀመራችሁ እባካችሁ አትቸኩሉ።