ብሎግና ፖስት አንድ ነው ያለኝ ሰው

ሰሞኑን ሶስት ሆነን ቁጭ ብለን ስናወራ አንደኛው "ትናንት ማታ አዲስ ብሎግ ጻፍኩ" አለ። እኔም ደስ ብሎኝ "ሌላ ከፈትክ እንዴ? የድሮውስ?" ስለው "ኧረ እዛው ላይ ነው፣ ስለ ጉዞዬ የጻፍኩት" አይለኝም! እሱማ ፖስት ነው የሚባለው፣ ብሎግ ማለት ኢንተርኔት ላይ የምትጽፍበት ጠቅላላ ቤቱ ነው፣ ፖስት ደግሞ ቀን ተጽፎበት እዛ ቤት የሚገባው አንዱ ጽሑፍ ነው አልኩት።

"አቦ ተወኝ፣ ተግባባን አይደል?" አለ። ክርክሩ ከዳር እስከ ዳር ይቺው ናት፣ ተግባባን አይደል። አልተግባባንም እኮ፣ እኔ ሌላ ብሎግ የከፈተ መስሎኝ ነበር!

አብራን የነበረችው ልጅ "እናቴ ስም ይወጣል ከቤት ይከተላል ጎረቤት ትል ነበር፣ የምትጽፉት እናንተ እንዲህ ካላችሁት አንባቢው ምን ይበል?" አለችው። ቀጥላ የምታውቀውን ሰው ነገረችን። ሰውየው ሁለት ብሎግ ነበረው፣ ለሚያግዘው ልጅ "የመጨረሻውን ብሎግ አጥፋልኝ" ይለዋል፣ አንድ ጽሑፍ ማለቱ ነው፣ ልጁ ደግሞ በመጨረሻ የተከፈተውን ብሎግ ከነፖስቱ ከነኮሜንቱ ድምጥማጡን አጠፋው። የኛ ሰው መልስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "ልጁ መጠየቅ ነበረበት።"

ትንሽ ያስኬደው አንድ ነገር ብቻ ነው። "በአማርኛ ጦማር አይደል የምንለው? ጦማር ደግሞ ደብዳቤ ማለት ነው፣ ደብዳቤ አንድ ነው፣ ታዲያ አንዱን ጽሑፍ ብሎግ ብል ምን አጠፋሁ?" አለ። እውነት ነው ጦማር ጥንት ደብዳቤ ነው። ግን ብሎግ የሚለው ቃል የመጣው ከመዝገብ ነው፣ መርከበኞች በየቀኑ የሚሞሉት ሎግ የሚባለው መዝገብ አለ፣ ጆርን ባርገር የሚባል ጸሐፊ እ.ኤ.አ በ1997 እሱን ከዌብ ጋር አጋጥሞ ዌብሎግ አለው፣ በ1999 ፒተር መርሆልዝ ቃሉን ከመሃል ከፍሎ "ዊ ብሎግ" (እኛ እንጦምራለን እንደማለት) ብሎ ተጫወተበትና ብሎግ የሚለው ስም ጸና። ሁለቱም ራሳቸው የሚጽፉ ሰዎች ናቸው፣ ስሙን ያወጣው ካምፓኒ አይደለም፣ ስም ይወጣል ከቤት ማለት ይሄ ነው። መዝገብና በመዝገቡ ላይ የሰፈረ የአንድ ቀን ጽሑፍ ደግሞ አንድ ሊሆን አይችልም።

ስሙን አለማወቅ እኮ ስራውንም ያበላሻል። ይሄው ሰው ጽሑፉን አንብቡልኝ ሲል ሁሌ የሚልከው የዋናውን ገጽ አድራሻ ነው። ብሎግ ላይ አዲሱ ከላይ ነው የሚቀመጠው፣ የድሮው ወደታች ይወርዳል፣ ስለዚህ ከወር በኋላ ያን ሊንክ የከፈተ ሰው የሚያገኘው ሌላ ጽሑፍ ነው። ለዚህ እኮ ነው እያንዳንዱ ፖስት ፐርማሊንክ የሚባል የማይለወጥ የራሱ አድራሻ ያለው። "ስለ እኔ" የሚለውንም ፖስት አድርጎት ሁለት ዓመት ሙሉ ከስር ተቀብሮ ኖሯል፣ ፔጅ፣ ማለትም ለብቻው የሚቆም ገጽ ቢያደርገው ከቀን ተራ ወጥቶ ሜኑ ላይ ይቀመጥለት ነበር። ጽሑፎች በጉዳይ በጉዳይ የሚደረደሩበት ካቴጎሪማ አይነሳ፣ ለሚጽፋቸው ሶስት አራት ጉዳዮች ካቴጎሪ መክፈት ሲገባው ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ አንድ ካቴጎሪ ከፍቷል፣ መደርደሪያ ለአንድ አንድ መጽሐፍ እንደመስራት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የሱ ነገር ብቻ አይደለም፣ ዘመኑ ራሱ ለነገር ስም መስጠት ሰልችቶታል። ግጥም ኮንቴንት፣ የሐዘን መልእክት ኮንቴንት፣ ሰው ስንት ሌሊት ያደረበት ጥናት ኮንቴንት። ኮንቴንት ማለት እኮ በእቃ ውስጥ ያለ ነገር ማለት ነው፣ ምንም ይሁን ምን እቃው እስከሞላ ድረስ ግድ የሌለው ሰው የሚለው ቃል ነው፣ ግድ የሌላቸው ደግሞ በኛ ጽሑፍ መሃል ማስታወቂያ የሚሸጡት ትልልቆቹ መድረኮች ናቸው። እናቷ ስም ይወጣል ከቤት ነበር ያሉት፣ ዛሬ ስሙን ጎረቤት አውጥቶ ባለቤቱ ይከተላል፣ የገዛ ጽሑፋችንን ነጋዴው በሰጠው ስም እንጠራዋለን፣ አንባቢ ይባል የነበረውም ሰው ቪው (ስንት ጊዜ ታየ የሚል ቁጥር) ሆኖ ይቆጠራል።

ያን የጉዞ ጽሑፍ ማታ ላከልኝ፣ እንደልማዱ የዋናውን ገጽ ሊንክ። አነበብኩት፣ ተጨንቆ የጻፈው ጥሩ ጽሑፍ ነው። ከሊንኩ በላይ ግን "አዲስ ኮንቴንት" ብሎ ነበር የጻፈው።