መዋጮ ባትከፍሉም ይቻላል፣ ግን ክፈሉ

አሜሪካ ውስጥ፣ ሜሪላንድ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሆቴል ውስጥ የሚሠራ ወገናችንና ቨርጂኒያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ሆቴል ውስጥ የሚሠራው በአንድ ትልቅ ጉዳይ የተለያየ ሕግ ነው ያላቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ዩኒየኑ (የሠራተኛ ማኅበሩ) እና አሠሪው ከተስማሙ፣ የኅብረት ስምምነቱ የሚሸፍነው ሠራተኛ ሁሉ የድርሻውን ይከፍላል። ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ብሎ መስማማት ከ1947 ጀምሮ ክልክል ነው። ራይት ቱ ወርክ ("የመሥራት መብት") የሚሉት ሕግ ይኼ ነው። ዛሬ በ26 ግዛቶች ይሠራል። ሐበሻ የሞላባቸው ዳላስ፣ አትላንታና ላስ ቬጋስም በዚሁ ሥር ናቸው።

ሕጉ ለማንም ሥራ አያስገኝም። ያለ ምክንያት ከመባረርም አያድንም። ደጋፊዎቹ "ማንም ሰው ዩኒየን ግባ ተብሎ መገደድ የለበትም" ይላሉ። እሱማ ድሮም አይቻልም! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1988 አባል ያልሆነ ሠራተኛ ከተቃወመ ለድርድርና ለውክልና ከሚወጣው ወጪ ውጭ እንዳይጠየቅ ወስኗል። የቀረው ጭቅጭቅ ያንን ወጪ ማን ይክፈል የሚለው ነው።

እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። የፌዴራል ሕግ ዩኒየኑ የከፈለውንም ያልከፈለውንም እኩል እንዲወክል ያስገድዳል። ያልከፈለው ሰው ያንኑ የደመወዝ ጭማሪ፣ ያንኑ ኢንሹራንስ ያገኛል፣ ሲባረርም ዩኒየኑ ይሟገትለታል፣ ወጪው ግን ከባልደረቦቹ ኪስ ነው የሚወጣው። እስቲ ዕድራችሁን አስቡ። መዋጮ ከፍሎ ለማያውቅ ሰው ድንኳን ትከሉ፣ ንፍሮ ቀቅሉ ብሎ መንግሥት ቢያዝ ዕድሩ ስንት ዓመት ይቆያል? ዩኒየንም እንደዚያው ቀስ በቀስ ነው የሚደርቀው። ገንዘቡ ሲያንስ ተደራዳሪው ያንሳል፣ አሠሪውም ከፊቱ የተቀመጠው ዩኒየን ስንት ሰው እንዳለው አሳምሮ ያውቃል።

ግን ቬጋስን እዩ። ኔቫዳ ሕጉን የያዘችው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ነው፣ ማንም እንዲከፍል አይገደድም። ሆኖም የካሲኖና የሆቴል ሠራተኞቹ ዩኒየን ኩሊነሪ 226 ወደ 60 ሺህ ሠራተኞችን ይወክላል። አልጋ የሚያነጥፉ፣ ዕቃ የሚያጥቡ፣ የሚያስተናግዱ ሰዎች ናቸው። ፍሮንቲየር ካሲኖ ላይ ወደ 550 ሠራተኞች ከ1991 እስከ 1998 ድረስ ከ6 ዓመት በላይ አድማ ላይ ቆዩ፣ አንድም ሰው አድማውን ጥሶ አልገባም፣ በመጨረሻም አሸነፉ። እነዚህ ሰዎች መዋጮውን በፈቃዳቸው የሚከፍሉ ነበሩ።

አገር ቤት የምንረዳው ቤተሰብ እንዳለን፣ ኪራዩም እንደሚከብድ አውቃለሁ። "የዩኒየን መሪዎች ገንዘባችንን ይበላሉ" የሚልም አለ፣ አንዳንዴ እውነት አለው። ግን መሪዎቹን የሚመርጡት አባላቱ ናቸው። ያልገባ ሰው ስብሰባ ላይ ድምፅ የለውም፣ ሌላው የወሰነለትን ይቀበላል።

ሕጉም ቢሆን የማይነካ አይደለም። ሚሺጋን በ2012 አውጥታው በ2023 ሽራዋለች። ሚዙሪ ውስጥ ሕዝቡ በ2018 በከፍተኛ ድምፅ ጣለው። ቨርጂኒያም ራሷ በ2016 ሕጉን ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ለማስገባት ስትሞክር መራጩ እምቢ ብሏል፣ ተራው ሕግ ግን አሁንም አለ። ዜግነት ያላችሁ የቨርጂኒያ ነዋሪዎች፣ የምክር ቤት ዕጩ ድምፃችሁን ሊለምን ሲመጣ በዚህ ሕግ ላይ አቋሙ ምን እንደሆነ በቀጥታ ጠይቁት።