የመምህር መንገድ የግል ጉዳይ ነው እንዴ?

ግብር የማሳወቂያ ጊዜ በደረሰ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የመንገድ ወጪዬ ግብር ከሚሰላበት ገቢዬ ላይ ይቀነስልኝ ስል መልሱ ሁሌም ያው ነው፦ «ከቤት ትምህርት ቤት የግል ጉዞ ነው፣ አይቀነስም!»

እሺ፣ የጠዋቱን ልተወው። የማታውስ? ስለፈልፍ ውዬ፣ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ለወላጆች ስብሰባ እመለሳለሁ። የጠራኝ ትምህርት ቤቱ ነው። ይሄ በምን ሒሳብ ነው የግል ጉዳዬ የሚሆነው? የአውስትራሊያ ግብር መሥሪያ ቤት ለመምህራን ባወጣው መመሪያ ይህንኑ ጉዞ ጠቅሶ አይቀነስም ይላል። ግዙፍ የሥራ ዕቃ ለሚያመላልስና ሥራ ቦታው ላይ ቆልፎ የሚያስቀምጥበት ለሌለው ሰው ግን ይፈቀዳል። የአንድ ክፍል ደብተር በሁለት ፌስታል ተሸክሞ ለማረም ወደ ቤት የሚያዘግም መምህርስ? እሱ ሥራ ላይ አይደለም ማለት ነው?

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ሁለት ቦታ የሚያስተምሩት ነገር ነው። ደወል ሲደወል ጠመኔያቸውን ሳያራግፉ ወደ ሌላው ትምህርት ቤት ይሮጣሉ። ብሪታንያ ውስጥ ሁለቱም ትምህርት ቤቶች የአንድ ቀጣሪ ከሆኑ የመሀሉ ጉዞ ይቀነሳል። ቀጣሪው ሁለት ከሆነ ግን አይቀነስም። መንገዱ ያው፣ ድካሙ ያው! አንድ ደመወዝ አልበቃ ብሎት ሁለት ቦታ የሚለፋው ሰው ነው የሚቀጣው። አውስትራሊያ እንኳ በዚህ ትሻላለች፤ ቀጣሪው ቢለያይም ከሥራ ወደ ሥራ የሚደረገውን ጉዞ ትቀንሳለች።

አሜሪካማ ጭራሽ ዘግታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሕግ ቀጣሪ ያልተካውን የሠራተኛ ወጪ ከ2018 ጀምሮ ከተቀናሽ አወጣው። ለመምህራን የተተወችው ተቀናሽ ለክፍል ቁሳቁስና ለሥልጠና ክፍያ እንጂ ለመንገድ አትሆንም።

«ይሄ እኮ ለቁጥጥር አስቸጋሪ ነው» የሚሉኝ አሉ። አልቀበልም። ጀርመን የጠዋቱን ጉዞ ሳይቀር በኪሎ ሜትር አስልታ ትቀንስ የለም እንዴ? የመሄጃውን ብቻ ነው የምትቆጥረው፣ ግን ትቆጥራለች። ርቀቱ ይታወቃል፣ የሥራ ቀኑ ይታወቃል። ምኑ ነው የከበደው?

ሁሉም ይቀነስልን አላልኩም። ትምህርት ቤቱ ከሰዓት ውጪ የጠራን ቀንና ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሮጥንበት ይቆጠርልን። የስብሰባው ፊርማም፣ የክፍለ ጊዜ ድልድሉም ትምህርት ቤቶቹ እጅ ላይ ነው፤ ግብር ሰብሳቢዎቹ ደረሰኝ አምጡ አይበሉን።