ለጓዳው ተመራማሪ የቀረበ ውዳሴ

ጨጓራ በሚያቃጥልበት አገር ተመራማሪ አይጠፋም። የእኛው ተመራማሪ ግን ላቦራቶሪም በጀትም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድም ሳይጠይቅ፣ በገዛ ጓዳው ኤች ፓይሎሪ የተባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ ድል ለመንሣት ቆርጦ በመነሣቱ የተለየ ክብር ይገባዋል። ሐኪም ለ14 ቀናት ያዘዘለትን፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልና ሁለቱን ፀረ ባክቴሪያዎች፣ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲንን፣ ይዞ ቤቱ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው ማዘዣውን ማሻሻል ነው፤ በአምስተኛው ቀን ማቃጠሉ ጋብ ሲልለት ክኒኑን ያቆምና የቀሩትን ቀናት በጥቁር አዝሙድ፣ በማር፣ በነጭ ሽንኩርትና በተልባ ይሞላቸዋል።

ከባሪ ማርሻል የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም። አውስትራሊያዊው ሐኪም የጨጓራ ሕመም በባክቴሪያ እንደሚመጣ የሚያምነው ቢያጣ፣ በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያው የተራባበትን ፈሳሽ ጠጥቶ ራሱን አሳመመ፤ በ2005ም ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እርግጥ ነው፣ ማርሻል ከመጠጣቱ በፊትም በኋላም ጨጓራውን በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ባለ ካሜራ ቀጭን ቱቦ፣ አስመርምሮ ውጤቱን ጽፎ አስቀምጧል። የእኛ ሰው እንዲህ ባለው የጽሕፈት ሥራ ጊዜውን አያባክንም።

ደግሞስ ሐሳቡ ከንቱ ነው የሚል ማን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ክላሪትሮማይሲን የማይበግረውን ኤች ፓይሎሪ አዲስ መድኃኒት ከሚሹ ባክቴሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ካስገባው ወዲህ፣ የዕፅዋትን ንጥር ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጋር አጣምሮ መሞከር በየዩኒቨርሲቲው የተከበረ ሥራ ነው። ሊቃውንቱ ሁለቱን በልዩ ልዩ መጠን በላቦራቶሪ ሳህን ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ያደባልቃሉ፤ ተክሉም መድኃኒቱም ብቻውን ሲሆን ከሚያስፈልገው መጠን በሩብ ብቻ ባክቴሪያውን ካስቆሙት፣ ተደጋግፈዋል ብለው ይመዘግባሉ። አልፎ አልፎም አንዱ ሌላውን ሲያዳክመው ያገኙታል፤ ይህኛው ውጤት በጓዳው ሳይንስ እስካሁን አልታየም። በጉድጓዱ ውስጥ የሞተው ባክቴሪያ በሰው ጨጓራ ውስጥ ከንፍጡ ሥር ተደብቆ እንደሚኖርም ሊቃውንቱ ስለሚያውቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይናገራሉ። ከሁሉ በላይ ግን፣ እነርሱ ተክሉን በመድኃኒቱ ላይ ሲጨምሩ፣ የእኛ ሰው ተክሉን ጨምሮ መድኃኒቱን ይቀንሳል። ከሞት የተረፈው ባክቴሪያ፣ በተለይም ክላሪትሮማይሲንን የተላመደው፣ ለዚህ ቸርነት ምን ያህል ባለውለታ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

መጠንን በተመለከተ ደግሞ ጥበቡ ወደር የለውም። በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት 88 ሕመምተኞች ተከፋፍለው፣ ከፊሎቹ የተለመደውን ባለ ሦስት መድኃኒት ሕክምና፣ ሌሎቹ የጥቁር አዝሙድ ዱቄት ከኦሜፕራዞል ጋር ወስደው ነበር። በቀን 2 ግራም ከወሰዱት 67 በመቶ ያህሉ ከባክቴሪያው ሲነጹ፣ 3 ግራም ከወሰዱት የነጹት 48 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው፤ በመድኃኒቶቹ የታከሙት ግን 83 በመቶ ያህል ደርሰዋል። መብዛት መሻል እንዳልሆነ ከዚህ የሚማር ይኖር ይሆናል፤ በእፍኝ ለሚለካ ሰው ግን ግራም ምኑ ነው?

ሕመሙ ተመልሶ ሐኪሙ ቢስሙዝ፣ ሜትሮኒዳዞልና ቴትራሳይክሊን ሲያዝለትም ተመራማሪያችን አይበገርም፤ ጨጓራውን እንዲያለሰልስለት ቴትራሳይክሊኑን በአንድ ብርጭቆ ወተት ያወራርደዋል። የወተቱ ካልሲየም መድኃኒቱን አጥብቆ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያደርገው፣ ዋጋው ተከፍሎበት የመጣው ክኒን ሰውነቱን ሳይረብሽ በሰላም ያልፋል።

የምርምሩ ማጠቃለያ የሰገራ ምርመራ ነው። ፀረ ባክቴሪያው ከቆመ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ኦሜፕራዞሉ ከቆመ ደግሞ ሁለት ሳምንት ካላለፈ፣ ባክቴሪያው ለጊዜው ስለሚመነምን ምርመራው ያለውን የለም ሊል ይችላል። ትዕግሥት ግን የሰነፍ ነው፤ ተመራማሪያችን ኦሜፕራዞሉን እየዋጠ በሳምንቱ ተመርምሮ «ነጌቲቭ» የሚል ወረቀት ይዞ ይመለሳል። የተረፉትን የአሞክሲሲሊን እንክብሎችም ከጥቁር አዝሙዱ ጋር በአንድ ፌስታል አድርጎ፣ ሆዴን ይነፋኛል ላሉት ጎረቤቱ «ጠዋት ጠዋት ሁለት ሁለት ይዋጡ እትዬ፣ ሲሻልዎት ያቆሙታል» ብሎ ያስረክባቸዋል።